የኩላሊት ካንሰር መድኃኒቱን "ለመደው" ሲባል፡ ከመቀየር በፊት ምን መታየት አለበት?

የተሰራጨ የኩላሊት ካንሰር ያለበት ሰው ወራት ሙሉ ክኒኑን ሲውጥ ወይ በደም ስር የሚሰጠውን ሲወስድ ይቆይና አንድ ቀን የሲቲ ስካን ውጤት ይመጣል፣ "ጨምሯል" ይባላል። ከዛ በኋላ ቤት ውስጥ የሚወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ካንሰሩ መድኃኒቱን ለምዶታል፣ በቃ ሌላ ይቀየርለት። ችግሩ ግን ጨምሯል የተባለበት ምክንያት ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ጋ መድኃኒቱ ጭራሽ ደሙ ውስጥ በበቂ መጠን አልገባም፣ ሌላው ጋ አንድ እብጠት ብቻ አፈንግጦ ሌላው ሁሉ ጸጥ ብሏል፣ ሌላው ጋ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልሰራም። የሚደረገውም ነገር ለየብቻ ነው፣ እንደውም አንዳንዱ ላይ መድኃኒት መቀየር ራሱ ጉዳት ነው፣ ምክንያቱም ለዚህ በሽታ ያለው የመድኃኒት ዝርዝር ረጅም አይደለም፣ አንዱን ያለ ጊዜው ጣልከው ማለት አንድ እድል አቃጠልክ ማለት ነው።

መጀመሪያ ይሄ ካንሰር ለምን እንደዚህ እልኸኛ እንደሆነ ትንሽ ልበል። አብዛኛው የኩላሊት ካንሰር የሚነሳው ደሙ ከተጣራ በኋላ ሽንቱ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ላይ ካሉ ሴሎች ነው። የነዚህ ሴሎች የዘወትር ስራ ደግሞ ሰውነት ውስጥ የገባውን መርዝና ቆሻሻ ገፍቶ ማስወጣት ነው፣ ለዚህ የሚሆን ፒ ግላይኮፕሮቲን የሚባል ፓምፕ አላቸው። ካንሰር ሲሆኑም ፓምፑን ይዘውት ይሄዳሉ። ኬሞ ሲሰጣቸው መልሰው ይተፉታል። ሌላም ምክንያት አለው ግን ሌላ ካንሰር ላይ ተአምር የሚሰራው ኬሞ እዚህ ጋ ሲደርስ ለአስርት አመታት ከንቱ የሆነበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይሄ ነው። ማለትም መድኃኒት መቋቋም ለዚህ ካንሰር በኋላ የመጣ ጸባይ አይደለም፣ አብሮት የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ከአራቱ የኩላሊት ካንሰር ሶስቱ ያህል ክሊር ሴል የሚባለው አይነት ነው። እዚህ ላይ ክሮሞዞም 3 ላይ የሚገኝ ቪኤችኤል የሚባል ጂን በአብዛኛው ተበላሽቶ ነው የሚገኘው። የዚህ ጂን ስራ ኦክስጅን በቂ ሲሆን ሂፍ የሚባሉትን ፕሮቲኖች ማስወገድ ነው፣ እሱ ሲበላሽ ሂፍ ይከማቻል፣ ሴሉ ኦክስጅን እያለው እንኳን የታፈነ ይመስለውና ደም ስር አብቅሉልኝ የሚል ምልክት ይረጫል። ሴሎች ኦክስጅንን እንዴት እንደሚያውቁ ያሳዩት ኬሊን፣ ራትክሊፍና ሴመንዛ በ2019 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚሁ ነው። ዋናው ምልክት ቪኢጂኤፍ ይባላል፣ ሱኒቲኒብ፣ ፓዞፓኒብ፣ አክሲቲኒብ የሚባሉት ክኒኖች ደግሞ የዚህን ምልክት መቀበያ ይዘጋሉ፣ ደም ስሩ ሲቆም እጢው ምግብ ያጣል ነው ሀሳቡ።

ከ2005 በፊት እኮ የነበረው የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅሱት ኢንተርፌሮንና ኢንተርሉኪን 2 ብቻ ነበር፣ ኢንተርሉኪን 2 በከፍተኛ ዶዝ ሲሰጥ ጥቂት ሰዎችን ሙሉ በሙሉ ያድናል፣ አብዛኛውን ግን ያሰቃያል እንጂ አይጠቅምም። በ2007 በወጣው ጥናት ሱኒቲኒብ በሽታውን ሳያድግ ያቆየበት መካከለኛ ጊዜ 11 ወር ነበር፣ ኢንተርፌሮን 5 ወር። ሁሉም ተደሰተ፣ መደሰትም ነበረበት፣ ግን ቁጥሩን ገልብጣችሁ እዩት፣ በ11ኛው ወር ግማሹ ሰው ላይ በሽታው እንደገና ተነስቷል ማለት ነው። ከዛ ወዲህ ያለው የዚህ በሽታ ህክምና ታሪክ በሙሉ ያንን ሁለተኛ መነሳት ማሳደድ ነው።

እንግዲህ ስካኑ ጨምሯል ሲል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት፣ በኔ እይታ ከሁሉም በላይ የሚዘለለው ጥያቄ፣ ሰውየው መድኃኒቱን በትክክል እያገኘው ነበር ወይ የሚለው ነው። ክኒኖቹ አብዛኞቹ ጉበት ውስጥ የሚሰባበሩት ሲፒ3ኤ4 በሚባል ኢንዛይም ነው። ይሄን ኢንዛይም የሚያነቃቃ ሌላ መድኃኒት ከወሰድክ የካንሰሩ ክኒን ስራውን ሳይጨርስ ይሰባበራል። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ዋናው ነው፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም እንደዛው፣ ሴንት ጆንስ ወርት የሚባለው ለድብርት የሚወሰድ እጽዋትም አለበት። ፓዞፓኒብ ደግሞ ሌላ አመል አለው፣ የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፣ ሰውየው ጨጓራዬን አመመኝ ብሎ ኦሜፕራዞል ከጀመረ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ፓዞፓኒብና ካቦዛንቲኒብ በባዶ ሆድ ነው የሚወሰዱት፣ ሱኒቲኒብ ግን ምግብ ቢኖርም ባይኖርም ለውጥ የለውም። ይሄን ሁሉ የሚያውቀው ፋርማሲስቱ ነው፣ ስለዚህ የሚወሰደውን ነገር በሙሉ፣ "እሱማ ቅጠል ነው፣ ምንም አያደርግም" የሚባለውንም ጭምር፣ ዝርዝሩን ማሳየት ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

ሌላው ደግሞ ዝም ተብሎ የሚቋረጠው ክኒን ነው። እነዚህ መድኃኒቶች መዳፍና የእግር ውስጥን ይልጣሉ፣ ተቅማጥ ያመጣሉ፣ ድካሙ ሌላ ነው፣ ደም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ። ሰው ይታክተዋል፣ ሁለት ቀን ይተዋል፣ ሶስት ቀን ይጀምራል፣ ሀኪሙን ላለማስቀየም ደግሞ "እየወሰድኩ ነው" ይላል፣ ከዛ ስካኑ ሲጨምር መድኃኒቱ ተለመደ ይባላል። በተለይ የደም ግፊቱ ነገር የሚገርም ነው፣ ሱኒቲኒብ ከሚወስዱ ሰዎች መሀል ግፊታቸው ከፍ ያለባቸው በአማካይ የተሻለ ውጤት ነው ያገኙት፣ መድኃኒቱ ደም ስር ላይ እየሰራ እንደሆነ ምልክት ስለሚሆን። ግፊቱ ስለጨመረ ብቻ ክኒኑን መወርወር ማለት ሲሰራ የነበረውን ማቆም ሊሆን ይችላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግፊቱን በራሱ መድኃኒት መያዝ ይበቃል፣ በጣም ከከፋ ደግሞ ሀኪሙ ለጊዜው ያስቆምና በቀነሰ ዶዝ ይመልሰዋል። የሱኒቲኒብ አራት ሳምንት ወስዶ ሁለት ሳምንት ማረፍ የሚከብደው ሰው ሁለት ሳምንት ወስዶ አንድ ሳምንት እንዲያርፍ ይደረጋል፣ ያለው መጠን ሳይቀንስ ጉዳቱ ይቀላል። አክሲቲኒብን ደግሞ በተቃራኒው በደንብ የቻለው ሰው ላይ ከ5 ሚሊ ግራም ወደ 7 ከዛም ወደ 10 ከፍ ማድረግ ይቻላል። የጎንዮሽ ጉዳትን ማከም ራሱ የመድኃኒት መለመድን መከላከል ነው ብል አላጋነንኩም።

ስካኑ ራሱስ? በጥናቶች ላይ በሽታው አድጓል የሚባለው የእጢዎቹ ልኬት ድምር ትንሽ ከነበረበት ጊዜ ቢያንስ በ20 በመቶ ሲጨምር ወይ አዲስ እጢ ሲታይ ነው። ሁለት ሶስት ሚሊ ሜትር ማለት ብዙ ጊዜ የመለኪያው ስህተት ነው። የኩላሊት ካንሰር እጢዎች ደም ስር ስለሚበዛባቸው ቀለሙ ከተወጋ በኋላ ምስሉ በየትኛው ሰከንድ እንደተነሳ እንኳን ለውጥ ያመጣል፣ አንዱ ስካን ላይ ያልታየ ጉበት ላይ ያለ እጢ ቀጣዩ ላይ "አዲስ" ሆኖ ሊመጣ ይችላል፣ ስለዚህ የሚነጻጸሩት ስካኖች በአንድ አይነት መንገድ የተነሱ ቢሆኑ ይመረጣል። ኢሚዩኖቴራፒ፣ ማለትም የሰውነትን መከላከያ ካንሰሩ ላይ የሚያነሳሳው ህክምና፣ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፣ የመከላከያ ሴሎች እጢው ውስጥ ሲገቡ ያብጥና ያደገ ይመስላል። ኩላሊት ካንሰር ላይ ብዙ አያጋጥምም፣ ሰው ሁሉ ይሄን ተስፋ አድርጎ እንዳይቀመጥ፣ ግን ታካሚው በአካል ደህና ከሆነ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ስካኑን ደግሞ ማረጋገጥ የተለመደ አሰራር ነው። ሰውየው እየከሳ፣ እየተዳከመ፣ ህመሙ እየባሰ ከሆነ ግን መጠበቁ ጥቅም የለውም።

ቀጥሎ ያ አንድ እጢ ብቻ ያፈነገጠበት ሁኔታ አለ። አስር ቦታ ካለው ካንሰር ዘጠኙ ቆሞ ወይ እየቀነሰ አንዱ አጥንት ላይ ያለው ብቻ አደገ እንበል። እዚህ ጋ ዘጠኙን የያዘውን መድኃኒት ማስወጣት ለኔ አይታየኝም። ድሮ የኩላሊት ካንሰር ለጨረር አይበገርም ይባል ነበር፣ ይሄ እውነት የሆነው በትንሽ በትንሹ ለሚሰጠው የድሮው ጨረር ነው፣ አሁን በጥቂት ቀጠሮ ከፍተኛ ዶዝ በትክክል አነጣጥሮ የሚሰጠው ስቴሪዮታክቲክ ጨረር አብዛኛውን እጢ ባለበት ያቆመዋል። ያፈነገጠው በጨረር ወይ በቀዶ ጥገና ይመታና ክኒኑ ይቀጥላል፣ ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ወደ ቀጣዩ መድኃኒት የሚሄድበትን ጊዜ ያራዝማል። ጭንቅላት ውስጥ የገባ ካንሰር ደግሞ ሁሌም ለብቻው ነው የሚታየው፣ መድኃኒቱ እዛ እንደሌላው ቦታ በደንብ ስለማይደርስ።

አሁን ወደ እውነተኛው እንምጣ፣ ሰርቶ ሰርቶ የቆመበት። ብዙ ሰው የሚያስበው ሴሎቹ መድኃኒቱን እያዩ ቀስ በቀስ እንደሚማሩ ነው። ከፊሉ እንደዛ ነው፣ ከፊሉ ግን የሚቋቋሙት ሴሎች ከመጀመሪያው እዛው ነበሩ። በ2012 የለንደን ተመራማሪዎች፣ ቻርልስ ስዋንተን የሚመራው ቡድን፣ ከአንድ ሰው የኩላሊት እጢ ብዙ ቦታ ላይ ናሙና ወስደው ሲያዩ ከተገኙት የጂን ለውጦች ከ63 እስከ 69 በመቶ የሚሆኑት ሁሉም ቦታ ላይ የሉም፣ አንዱ ጥግ ላይ ያለው ለውጥ ሌላው ጥግ ላይ የለም። ማሳው ላይ አረሙ ከዘሩ ጋር አብሮ ተዘርቷል ማለት ነው፣ ስንዴው ሲታጨድ ነው አረሙ የሚታየው። በአንድ መርፌ የተወሰደ ናሙና ሙሉውን ታሪክ የማይናገረውም ለዚህ ነው።

የሚማሩትስ ምን ያደርጋሉ ከተባለ፣ ቪኢጂኤፍ ሲዘጋባቸው ሌላ በር ይከፍታሉ። ሜት፣ አክስልና ኤፍጂኤፍ የሚባሉት መንገዶች ከፍ ይላሉ፣ ደም ስር በሌላ ምልክት ይበቅላል፣ አንዳንዱ ሴል ደግሞ ሱኒቲኒብን ላይሶዞም የሚባል ከረጢት ውስጥ ይቆልፍበታል፣ መድኃኒቱ ሴሉ ውስጥ አለ ግን ስራ ቦታው አይደርስም። ይሄ የመጨረሻው ቋሚ የጂን ለውጥ ስላልሆነ መድኃኒቱ ለተወሰነ ጊዜ ተቋርጦ ሲመለስ እንደገና የሰራባቸው ሰዎች አሉ።

ይሄ እውቀት ወረቀት ላይ አልቀረም። ካቦዛንቲኒብ ከቪኢጂኤፍ ጋር ሜትንና አክስልን አብሮ ይዘጋል፣ እና ቀድሞ የነበረው ክኒን በተለመደባቸው ሰዎች ላይ በሜቲዮር ጥናት ሲሞከር በሽታውን ያቆየበት መካከለኛ ጊዜ 7.4 ወር ሆነ፣ ማነጻጸሪያ የነበረው ኤቨሮሊመስ የሚባል ሌላ ክኒን 3.8፣ እድሜም አራዘመ፣ 21.4 ወር ከ16.5 ጋር። ሌንቫቲኒብ ደግሞ ኤፍጂኤፍን ይነካል፣ ከኤቨሮሊመስ ጋር ሲጣመር 14.6 ወር ሰጠ፣ ኤቨሮሊመስ ብቻውን 5.5፣ ጥናቱ ትንሽ ነበር ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሁለቱም በ2016 ነው የተፈቀዱት።

ኢሚዩኖቴራፒ ጨዋታውን ቀይሮታል፣ በዛው ልክ ደግሞ አዲስ አይነት መቋቋም ይዞ መጣ። ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ አንድ ላይ በ2018 ሲፈቀዱ የተገኘው ነገር ድሮ ያልታየ ነው፣ ከአስር አንዱ ያህል ሰው ላይ እጢው ከስካን ላይ ጠፋ፣ ከዛ ውስጥ ለአመታት የቆየ አለ። ግን ከአምስት አንዱ ያህል ሰው ላይ ከመጀመሪያው ስካን ጀምሮ አደገ፣ ጭራሽ አልነካውም። ኢሚዩኖቴራፒ ከክኒን ጋር ሲጣመር፣ ለምሳሌ ፔምብሮሊዙማብ ከሌንቫቲኒብ ጋር፣ ከመጀመሪያው የሚያመልጠው ከሃያ አንዱ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በሽታው ተጣድፎ የሚያድግ፣ ምልክቱ የበዛ ሰው ላይ ብዙ ሀኪሞች ከክኒን ጋር ያለውን የሚመርጡት ለዚህ ነው፣ ጊዜ ያለው ሰው ላይ ደግሞ ለረጅሙ እድል ብለው ሁለቱን ኢሚዩኖቴራፒ ይሰጣሉ። እኔም ብሆን በዚህ ሂሳብ እስማማለሁ፣ የመጀመሪያው ምርጫ ላይ የሚደረገው ውይይት በኋላ ከሚመጣው ሁሉ ይበልጣል።

ማን እንደሚጠቀም ቀድሞ ማወቅ ግን እስካሁን ራስ ምታት ነው። ሌላ ካንሰር ላይ የሚረዱት ምልክቶች፣ እጢው ላይ የሚለካው ፒዲኤል 1 የሚባል ፕሮቲን ነው፣ የጂን ለውጥ ብዛት ነው፣ እዚህ ጋ አይታመኑም። ከዛ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነገር አለ፣ ሳርኮማቶይድ የሚባለው መልክ ያለው የኩላሊት ካንሰር በክኒን ዘመን ሀኪሞች የሚፈሩት ነበር፣ ቶሎ ይገድላል፣ ለክኒን አይመልስም፣ አሁን ግን ለኢሚዩኖቴራፒ ከሌላው በተሻለ የሚመልሰው እሱ ሆኖ ተገኘ፣ በኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ ከአስሩ ስድስቱ ላይ እጢው ቀነሰ። የፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ) ወረቀት ላይ ይሄ ቃል ካለ ጠይቁ፣ ዋጋ አለው።

እና ኢሚዩኖቴራፒው መስራት ሲያቆምስ? ሰው ሁሉ የሚመጣበት ሀሳብ ያንኑ ይዞ ሌላ ጨምሮ መቀጠል ነው፣ ሀኪሞችም ለአመታት ያደርጉት ነበር፣ ስሜት ይሰጣላ። ሁለት ትላልቅ ጥናቶች ግን ይሄን ሀሳብ ክፉኛ መቱት። ኮንታክት 03 በ2023፣ ካቦዛንቲኒብ ላይ አቴዞሊዙማብ የሚባል ኢሚዩኖቴራፒ ቢጨመር በሽታው ሳያድግ የቆየው 10.6 ወር፣ ካቦዛንቲኒብ ብቻውን 10.8 ወር፣ ምንም ጥቅም የለውም፣ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ግን ጨመረ። ቲኒቮ 2 በ2024፣ ቲቮዛኒብ የሚባለው ክኒን ከኒቮሉማብ ጋር 5.7 ወር፣ ቲቮዛኒብ ብቻውን በሙሉ ዶዙ 7.4 ወር። ስለዚህ በጥናት ውስጥ ካልሆነ በስተቀር አንድ አይነት ኢሚዩኖቴራፒን ወዲያው ተከታትሎ መድገም የሚደግፈው መረጃ የለም። ይሄን የምጽፈው ታካሚም ቤተሰብም "ያ ውዱ መድኃኒት ለምን ተወሰደብን" ብሎ ሀኪም ላይ ጫና ስለሚያደርግ ነው፣ ሀኪሙ ወደ ክኒን ብቻ ሲያወርድ ተስፋ ቆርጦ አይደለም።

ኢሚዩኖቴራፒውም እነዚህ ክኒኖችም ካለቁ በኋላ የመጣው ቤልዙቲፋን ነው፣ በታህሳስ 2023 በፈረንጆቹ በአሜሪካ ለዚህ ተፈቅዷል። እሱ ከላይ ያነሳነውን ሂፍ ቱ አልፋ ራሱን ነው የሚይዘው፣ ምልክቱ ከሚወጣበት ምንጭ ላይ። ላይትስፓርክ 005 በሚባለው ጥናት ከመቶ 22 ሰው ላይ እጢው በደንብ ቀነሰ፣ ኤቨሮሊመስ ላይ 4 ያህል ነበር፣ እድሜ ማራዘሙ ግን አልተረጋገጠም፣ ሲሶ ያህሉ ላይ ደግሞ ከመጀመሪያውም አልሰራም። የጎንዮሽ ጉዳቱ ከሌሎቹ ይለያል፣ ሂፍ ቱ አልፋ ኩላሊት ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያዝበትን ሆርሞን ስለሚቆጣጠር ደም ማነስ በጣም የተለመደ ነው፣ አንዳንዱ ላይ የኦክስጅን መጠን ይወርዳል፣ ስለዚህ ደሙም ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያም በየጊዜው መታየት አለበት። ሴሎቹ እሱንም ይለምዱታል፣ መድኃኒቱ የሚገባበት የፕሮቲኑ ጉድጓድ ላይ አንድ ፊደል ብቻ የተቀየረ ለውጥ በዚሁ ቤተሰብ ሌላ መድኃኒት ላይ ተገኝቷል።

አንድ ነገር ሳልረሳ፣ ሁሉም መድኃኒት ሲከሽፍ ካንሰሩ ክሊር ሴል መሆኑ ራሱ እንደገና ይታይ። ፓፒላሪ የሚባለው አይነት ላይ ካቦዛንቲኒብ ከሱኒቲኒብ ተሽሏል፣ 9 ወር ከ5.6 ጋር። ኤፍኤች የሚባል ጂን የጠፋበት አይነት ቤቫሲዙማብና ኤርሎቲኒብ ሲሰጠው ይመልሳል፣ ሜዱላሪ የሚባለው፣ በአብዛኛው የሲክል ሴል ጂን ያላቸው ወጣቶች ላይ የሚመጣው፣ እሱ ደግሞ የሚታከመው በዛው ኩላሊት ካንሰር ላይ አይሰራም በተባለው ኬሞ ነው። ማለትም አንዳንዱ "የተለመደ" መድኃኒት መጀመሪያውኑ ለሌላ በሽታ የተሰጠ ነው። ካደገው እጢ አዲስ ናሙና ወስዶ በኩላሊት ላይ ልምድ ባለው ፓቶሎጂስት ማሳየት በዚህ ጊዜ የሚገባ ወጪ ነው።

ከዚህ በላይ ያለው አሁን በምርምር ላይ ነው፣ የታካሚውን ቲ ሴል የሚባል የመከላከያ ሴል አስተካክሎ ሲዲ70 የሚባለውን ምልክት እንዲያጠቃ ማድረግ፣ ቤልዙቲፋንን ከሌሎቹ ጋር ቀድሞ ማጣመር፣ በ2025 መጀመሪያ በወጣ ጥናት ደግሞ ዳና ፋርበር የሚባለው የአሜሪካ የካንሰር ተቋም ያሉ ሀኪሞች ቀዶ ጥገና ለተደረገላቸው 9 ሰዎች ከየራሳቸው እጢ የጂን ለውጥ የተሰራ ክትባት ሰጥተው ሶስት አመት ገደማ ሲከታተሏቸው ካንሰሩ የተመለሰበት አልነበረም፣ 9 ሰው ብቻ ነው፣ ማነጻጸሪያ ቡድንም የለውም፣ ስለዚህ ገና ነው። ወደ እንደዚህ አይነት ጥናት መግባት የሚፈልግ ሰው ግን ሁሉንም ጨርሶ በመጨረሻ መጠየቅ የለበትም፣ ብዙ ጥናቶች ከዚህ በፊት ከሁለት ወይ ከሶስት በላይ መድኃኒት የወሰደ ሰው አይቀበሉም፣ ደሙ፣ ጉበቱና አቅሙም በተወሰነ ደረጃ ላይ መሆን አለበት፣ ስለዚህ የመጀመሪያው መድኃኒት መስራት ማቆሙ ከታወቀበት ቀጠሮ ጀምሮ ነው መጠየቅ ያለበት።